ደርሶ መልስ

«እማዬን ለማድረስ ብቻ ከሆነ መጠገኑ ይበቃል። ስመለስ እንደሁ ባዶዬን ነኝ፤ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ይህን የሰሙት ፊታቸውን ታጥበው ፎጣውን ከተሰቀለበት ሊያወርዱ እጃቸውን ሲዘረጉ ነበር። ክፍላቸውን ከሳሎኑ የሚለየው ስስ ቺፕውድ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። የተናገረው ልጃቸው ደምመላሽ ነው። ሚስቱ ልያ ምን ብላ እንደመለሰችለት አልተሰማቸውም፤ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ፣ ከዚያም ወንበር ሲሳብ ብቻ ሰሙ። እጃቸው ፎጣው ላይ እንዳለ ቀረ። ውሃው ከአገጫቸው ወደ ደረታቸው ወረደ።

ስለ መኪናዋ ጎማ እያወሩ እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። ትናንት ደምመላሽ ከሥራ ሲመለስ የኋላውን ቀኝ ጎማ የብረት ቁራጭ ወግቶት ነበር፤ ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብላ ተገኘች። ተጠባባቂ ጎማ የለም፤ ባለፈው ክረምት አንዱ ሲፈነዳ ተጠባባቂው በእሱ ምትክ ገብቶ በዚያው ቀረ። ስለዚህ የተወጋው ወይ ይጠገናል ወይ ይቀየራል። ይህ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነላቸው «ባዶዬን» የሚለው ነው። ለእሳቸው የተነገራቸው ሌላ ነበር። ሸቤ የምትኖረው ልጃቸው ሰናይት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትናው እሁድ ነው። ዛሬ አርብ ሄደው፣ ልጁን ክርስትና አስነስተው፣ ማክሰኞ ይመለሳሉ። እንዲህ ነው የተባለው። ታዲያ ባዶውን የሚመለሰው ለምንድን ነው? ምናልባት እሳቸውን ዛሬ አድርሶ ለሥራው ሊመለስ፣ እሁድ ደግሞ ልያን ይዞ ሊመጣ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ… ሁለተኛውን ምናልባት ሳይጨርሱት ፊታቸውን አደረቁ። ከሁሉም ይልቅ ግን የከነከነቻቸው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። እሳቸውን ለማድረስ ብቻ ከሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ጎማ ይገዛ ነበር ማለት ነው? ሟቹ ባላቸው አቶ ፍስሐ ያቺን መኪና የገዟት ከወይዘሮ ሸዋረገጥ የታይፒስትነት ደመወዝ እየቆጠቡ አልነበረም?

ሳሎን ሲወጡ ሁለቱም ወሬያቸውን አቋረጡ። ቀኑ አርብ ስለሆነ ወይዘሮ ሸዋረገጥ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ቢሆንም ከልጆቻቸው ጋር ገበታ ላይ መቀመጥ ልማዳቸው ነው። ደምመላሽ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስልኩን ያያል። በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ለዛሬ ፈቃድ ወስዷል። ልያ ከተማው ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው ጅማ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ጸሎት ቤት፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። እሁድ ጠዋት አብረው ከቤት ወጥተው በር ላይ ይለያያሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በዚህ ነገር ክፉ ቃል አልተነጋገሩም፤ ደግ ቃልም አልተነጋገሩም። ልያ ተነስታ የእሳቸውን ሻንጣ አመጣችና የጎደለውን ማስገባት ጀመረች። ወፍራሙን ብርድ ልብስ አጥፋ አስገባች። የክረምቱን ሹራብ ጨመረች። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ካርቶኑን እንዳለ ከተተችው።

«ሸቤ እኮ ይሞቃል» አሏት።

«ይያዙት እማማ፤ ግድ የለም» አለች ልያ ቀና ሳትል። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ለምን ብለው ሊጠይቋት አሰቡ፤ ነገር ግን በዚህ ቤት የመጠየቅ ልማድ ከአቶ ፍስሐ ጋር አብሮ የሄደ ይመስላል። ደምመላሽ ከጎረቤት በተዋሰው መንፊያ ጎማውን ነፋ፤ «ጎሚስታው ጋ እስክንደርስ ይይዛል» አለና እናቱን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠ። ልያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ለማውለብለብ አንስታ መልሳ አወረደችው።

ጎሚስታው ከቦሳ ኪቶው አስፋልት ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ ነቢዩ የሚባል ረዥም ጎልማሳ ነው። «አካም ቡልታን እናቴ» ብሎ በመስኮቱ በኩል ሰላም አላቸው። እሳቸውም «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ» ብለው መለሱ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታና ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከረው። አረፋው ወዲያው ተንጫጫ። ነቢዩ ጣቱን አረፋው ላይ አድርጎ ቀዳዳውን ፈለገ። የተወጋው ቦታ መሬት የሚነካው ክፍል አልቆ ጎኑ የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ነው።

«መሃሉ ላይ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እደፍንልህ ነበር» አለ። «ጎኑ ላይ ቢሆን ደግሞ ጣለው እልህ ነበር። ይሄ ግን ከሁለቱም አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ደምመላሽ።

«በውስጥ በኩል ብለጥፈው ይይዛል። ላይዝም ይችላል።»

አጠገቡ የጭነት መኪና ጎማ በመዶሻ የሚደበድቡት ሽማግሌ ባልደረባው ቀና ሳይሉ «ሂንቀባቱ! አይይዝም!» ብለው ጮሁ። ነቢዩ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለውን ለጥፎ ሰውየው አጋሮ ደርሶ መመለሱን ተናገረ። ሽማግሌው ደግሞ ያ ሰው ራሱ ትናንት ተመልሶ መጥቶ እንደነበር አስታወሱት። ነቢዩ ያ ሌላ ጎማ ነው አለ። ሁለቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲከራከሩ ደምመላሽ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየ ቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው ፊቱ ከተከራከረ ሁለቱንም «ልክ ነህ» ይላል። በመጨረሻ ነቢዩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሸቤ።»

«ደርሶ መልስ ነው መሄድ ብቻ?»

ደምመላሽ ዞር ብሎ በተከፈተው መስኮት እናቱን አያቸው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና እሱ ቀድሞ መሬት መሬቱን አየ። «መኪናዋ ደርሶ መልስ ናት» አለ።

መኪናዋ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። አንድ ሰው ይህን ቃል ሳያስበው ይናገረዋል? ወይስ አስቦ ነው? ደምመላሽ ለጎሚስታው «ቆይ፣ ዋጋ አይቼ ልምጣ» አለውና እናቱን ይዞ በባጃጅ ወደ መናኸሪያው አካባቢ ወረደ።

የጎማ መሸጫው ባለቤት ሀያት የምትባል፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት። ጎማዎቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረው ክፍሉ የላስቲክ ሽታ ብቻ ሆኗል። ለወይዘሮ ሸዋረገጥ ወንበር አስመጣችላቸው። ዋጋውን ስትናገር ደምመላሽ ሳቀ፤ የእናቱን የሁለት ወር ጡረታ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ሀያት ግን በዚያ አላበቃችም። አንዱ አዲስ አንዱ ያረጀ ከሆነ መኪናዋ ወደ ጎን ትጎትታለች፤ ሁለቱንም የኋላ መቀየር ነው የሚሻለው አለች። ሁለቱንም ካልቻለ ያገለገለ ጎማ አለ። ያገለገለው እንዴት ነው ሲላት፣ «ዋላሂ እኔ ብሆን አልገዛውም፤ ግን ብዙ ሰው ይገዛዋል» አለችው። ደምመላሽ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። አንድ አዲስ፣ ሁለት አዲስ፣ ያገለገለ፣ ልጥፍ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ወደ ደጅ ወጣ፤ ወጣ እንጂ በሩ አጠገብ ነው የቆመው።

«አዎ ሰናይት፣ እየመጣን ነው። ጎማ ነው ያዘገየን… አዎ። እሺ ብላለች። አልኩሽ እኮ፣ እሺ ብላለች።»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሺ ያሉት እሳቸው ናቸው? ምንድን ነው እሺ ያሉት? ቀናቱን ወደ ኋላ እያገላበጡ ፈለጉ። ማክሰኞ ማታ ደምመላሽ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ሰናይት አውርቷል፤ ልጁ ቀን ይተኛል ሌሊት ያለቅሳል፣ ባሏ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ ቤት አይገኝም ብሏል። ሌላ ምን አለ? ሌላ የጠየቃቸው ነገር ነበር? በቀደም ሽሮ ጥደው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ድስቱ አርሮ ነበር፤ ልያ ፍቃ አጥባ ለማንም ሳትናገር መልሳ ሰቀለችው። በሌላ ቀን ደግሞ ልያን «ሰናይት» ብለው ጠርተዋት፣ እሷም «አቤት» ብላ መጥታለች። ምናልባት ጠይቀዋቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለው፣ ከዚያ ረስተውት ይሆናል።  ልጆቻቸው ሳይጠይቋቸው ቢወስኑ እሳቸው ይቀየማሉ፤ ቅያሜ ያልፋል። ጠይቀዋቸው እሳቸው ከረሱት ግን የሚያልፍ ነገር አይደለም። «ምንድን ነው እሺ ያልኩት?» ብለው ቢጠይቁት፣ «እማዬ፣ ማክሰኞ ተነጋግረን?» ቢላቸውስ? ሀያት «ውሃ ላምጣልዎት እማማ?» አለቻቸው። ጾም ላይ መሆናቸውን ነገሯት።

ደምመላሽ ሲመለስ፣ «አዲሱን ግዛው» አሉት። «እኔ እከፍላለሁ። ለክርስትናው ስጦታ የያዝኩት አለ።»

«ለዚች መንገድ?» አለ። «ተይው እማዬ። ነቢዩ ይለጥፈዋል።»

ለሀያት ሌላ ጊዜ እመጣለሁ አላት። እሷም እንደዚህ የሚሉ ሰዎችን የለመደች መሆኗ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ነቢዩ ለጠፈው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጅማ ሲወጡ ፀሐዩ በርትቷል፤ መንገዱ ዳር በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ከቀይ ወደ ጥቁር እየተለወጠ ነው፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያገላብጣሉ። ደምመላሽ ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። አስፋልቱ በተቦረቦረበት ቦታ ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ጆሮውን ወደ ኋላ ያደርጋል። ወይዘሮ ሸዋረገጥ በቀኝ በኩል የሚያልፈውን የሙዝ ተክል እያዩ እሺ ያሉበትን ቀን መፈለጋቸውን አልተዉም። ጥያቄው አሥር ጊዜ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰቃን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ መኪናዋ መወዛወዝ ጀመረች። ደምመላሽ ዳር ይዞ አቆመና ወረደ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተኝቷል። ልጥፉ ከነዙሪያው ተላቆ ነበር።

በቡጢው ኮፈኑን መታ። ከዚያ ክሪኩን አውጥቶ ተንበረከከ። ጎማውን ፈትቶ ወደ ሰቃ የሚመለስ ባጃጅ መጠበቅ ነበረበት። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ቀስ ብለው ወርደው ከላዩ ቆሙ። ከላይ ሲያዩት ፀጉሩ መሃል ላይ ሳስቷል፤ አባቱም በዚህ ዕድሜ እንዲሁ ነበሩ።

«ደሜ።»

«ወይ እማዬ።»

«እኔ ምንድን ነው እሺ ያልኩት?»

ክሪኩን ማዞሩን አቆመ።

«ለሰናይት በስልክ ስትነግራት ሰማሁ። እሺ ብላለች አልካት። መቼ ነው እሺ ያልኩት? ንገረኝ፤ ትዝ ሊለኝ አልቻለም።»

ቀና ብሎ አያቸው። የተቆጣ ፊት ነበር የጠበቀው፤ ያየው ግን የፈራ ፊት ነው። እናቱን እንዲህ ፈርተው አይቷቸው አያውቅም። «አላልሽም» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ፣ አላልሽም። አልጠየቅኩሽም።»

«ጭራሽ አልጠየቅከኝም?»

«ጭራሽ።»

«ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ጮክ ብለው። እዚያም መንገድ ዳር ቡና የሚያገላብጡ ሴቶች ዞረው አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረዥም ትንፋሽ አወጡ፤ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ደምመላሽ ግራ ተጋብቶ ክሪኩን እንደያዘ ቀረ። የእሳቸው ንዴት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 

ደምመላሽ መሬቱን እያየ ነገራቸው። ሰናይት ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ የወሰደችው የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ነው። ሁለት ሠራተኛ ቀጥራ ሁለቱም ጥለዋት ሄደዋል። እናቴን ላክልኝ ብላ ለመነችው። እጠይቃታለሁ አላት። ዛሬ ነገ ሲል ሳምንቱ አለፈ፤ እየደወለች ስትጨቀጭቀው እሺ ብላለች አላት። ለእሳቸው ደግሞ ክርስትና ብቻ ነው ያላቸው። «እዚያ ደርሰሽ እነግርሻለሁ ብዬ ነው። ልጁን ከታቀፍሽው በኋላ እምቢ አትይም ብዬ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያድግ… እስኪጠነክር።»

«ልያ ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አለና ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ ተወው።

ታውቃለች። ብርድ ልብሱ፣ ሹራቡ፣ መድኃኒቱ ከነካርቶኑ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ የእጅ ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። ከቦንጋ በኩል አንድ ሚኒባስ እየመጣ ነበር፤ ረዳቱ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ጅማ! ጅማ!» ይላል። ወደ አስፋልቱ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«እማዬ! የት ነው?»

«ቤቴ።»

«ሻንጣሽስ? እማዬ፣ እንዴት ትሄጃለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ጎማ ተንፍሶበት እናቱን በሚኒባስ መለሳት ይላል።»

ደምመላሽ መኪናዋን ጥሎ መከተል አልቻለም። ክሪኩን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሚኒባሱ ሲነሳ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ዞረው አላዩትም፤ ካዩት እንደሚወርዱ ያውቃሉ።

መንገዱን ሙሉ ስለ ልጃቸው ነው ያሰቡት። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ምሳ አልበላም፤ ሰቃ ያለው ጎሚስታም እንዲሁ «ይይዛል፣ ላይዝም ይችላል» ይለዋል፤ እሱም እንዲሁ ልክ ነህ ብሎ ያስለጥፋል። ተናደውበታል፤ ደግሞ ያሳዝናቸዋል። የትኛው እንደሚበልጥ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። መናኸሪያው ላይ ሲወርዱ እግራቸው ወደ ባጃጅ ሳይሆን ወደ ሀያት ሱቅ ወሰዳቸው።

«እማማ! ተመለሱ እንዴ?» አለች ሀያት ከወንበሯ ተነስታ።

«አዲሱን ስጪኝ። ጠዋት ያሳየሽውን።»

«ሁለቱን?»

«አንዱን። ሁለተኛውን እሱ ይግዛ።»

ለልጅ ልጃቸው ስጦታ የያዙትን አውጥተው ከፈሉ። ሀያት መኪናዋ የቆመችበትን ጠይቃቸው፣ ወደ ቦንጋ የሚወጣ ሚኒባስ አስጠርታ ጎማው ጣሪያው ላይ እንዲታሰር አደረገች፤ ረዳቱን «ከሰቃ አለፍ ብሎ ነጭ ኮሮላ ቆማለች፤ ለባለቤቱ ስጠው፤ ሰቃ ይገጥሙለታል» ብላ አዘዘችው። ቁጥሩን ከእሳቸው ተቀብላ ለደምመላሽም ራሷ ደወለችለት። ምን እንዳላት ወይዘሮ ሸዋረገጥ አልጠየቁም። 

ቤት ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሏል። በባጃጁ ውስጥ ሆነው ለልያ የሚናገሩትን አዘጋጅተው ነበር። ከባለቤቴ ጋር የሠራሁት ቤት ነው ሊሏት፤ አስቸግሬሽ እንድሄድ ከፈለግሽ በግልጽ ንገሪኝ ሊሏት። ወደ ክፍላቸው ገቡ። መጋረጃው ወርዷል። ፍራሹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አልጋቸው ተፈቷል፤ ርብራቦቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። ልያ በመካከሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ብሎን መፍቻ በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ስታያቸው ደነገጠችና በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች።

«እማማ! ምን ረሱ?»

ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋባቸው። «አልጋዬን ምን እያደረግሽው ነው?» ብቻ አሉ።

«ነገ በአይሱዙ ይላክልዎታል ብሎኝ ነው። ሰናይት ጋ ትርፍ አልጋ የለም አለኝ። እርስዎ የራሴን አልጋ ነው የምፈልገው አሉ አለኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት መሄድ የፈለጉት ብሎኛል እኮ።» ልያ መፍቻውን አስቀመጠች። «ልትሄድ ነው፣ ወስናለች፣ አንቺ ምንም እንዳትያት፣ ታዝናለች አለኝ። ምን እላለሁ? እኔ ጋ ምን አለ? የሚታቀፍ ልጅ የለ። እዚያ የልጅ ልጅ አለ። ደግሞ በእምነትም… ቢከብደኝም አልፈርድብዎትም ብዬ ነው ጠዋት ዝም ያልኩት።»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ የተደገፈው ፍራሽ ላይ እጃቸውን አኖሩ። ልጃቸው ሦስት ሴቶችን በሦስት ዓይነት ነገር ዝም አሰኝቷል። ለአንዷ እሺ ብላለች፣ ለአንዷ እሷ ናት የፈለገችው፣ ለአንዷ ክርስትና ነው። ማንንም ለመጉዳት ብሎ አልነበረም፤ የማንንም ፊት ሲከፋ ማየት ስላልቻለ ነው። ይህን ማወቃቸው ነገሩን ቀላል አላደረገላቸውም። ወለሉ ላይ፣ ልያ አጠገብ፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ተቀመጡ። ልያ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ ከተቀመጡም በኋላ እጇን አልለቀቁትም።

«ያን ድስት ማሳረሬን ለደሜ ነግረሽው ነበር?» አሏት።

«የትኛውን ድስት?» አለች ልያ፤ ከዚያ ገባትና ራሷን ነቀነቀች። «ለምን እነግረዋለሁ? እኔስ ስንት ጊዜ አሳርሬያለሁ።»

ስልካቸው ቦርሳው ውስጥ ጮኸ። ሰናይት ናት። ድምጿ ገና ሲነሳ ተሰባብሯል። «እማዬ፣ ደምመላሽ ደወለልኝ። ተመለሰች አለኝ። ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ? እሺ ብለሽ አልነበር?»

«እሺ አላልኩም ልጄ። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

 ከሰናይት ጀርባ ሕፃኑ ይነጫነጫል።

«ላክልኝ ብለሽዋል አሉ» አሏት። «እኔ የሚላክ ዕቃ ነኝ? ስልኬ አለሽ። ለምን ራስሽ አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች ሰናይት። «ልያን ትታ አትመጣም ብዬ።»

ልያ ስልኩ ውስጥ የተባለውን ሰምታለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ሰናይት «እሹሩሩ» እያለች ታባብለው ጀመር፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ትመጪልኛለሽ?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ አፋቸውን ከፈቱ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያብሰለስላቸው የዋለው ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ማጣታቸው ነበር። አሁን ተጠየቁ። ሕፃኑን ማቀፍ ይፈልጋሉ። ቤታቸውንም፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንም፣ እጇን ያልለቀቋትን ይህችን ልጅም መተው አይፈልጉም። ሁለቱንም እያዩ ደምመላሽ ሀያት ፊት ግንባሩን ሲያሽ የነበረውን ያህል ግራ ገባቸው።

«እስቲ ላስብበት» አሉ። «ለክርስትናው ግን እመጣለሁ። እሁድ ከልያ ጋር እንመጣለን።»

ልያ ዞር ብላ አየቻቸው። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ስልኩን ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወለሉ ላይ የተደረደሩት እንጨቶች፣ ትንሽ ሳህን ውስጥ የተሰበሰቡት ብሎኖች፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ስለሌለ እንዳለ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን ክፍሉን የሌላ ሰው ክፍል አስመስሎታል። ልያ መፍቻውን አነሳች፤ እጇ ላይ ገለባበጠችው።

«እማማ፣ አልጋውን ምን ላድርገው? ልግጠመው ወይስ ይቆይ?»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ አንዱን ርብራብ ከመሬት አንስተው በጫፉ ያዙላት።

«ግጠሚው» አሉ። «ተኝቼ ነው የማስበው።»